አሳዳጊ ያጡ ፓኬጆች፦ የነፃ ሶፍትዌር ጥገና የማን ኃላፊነት ነው?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የተሠሩ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን አይቀበልም። ድሬዳዋ ውስጥ ታይዋን ከሚባለው ገበያ በቅናሽ የሚገዛ ያገለገለ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ያለው ምርጫ ሦስት ነው፤ ያለ ድጋፍ መቀጠል፣ ሌላ ማሽን መግዛት፣ ወይም በዊንዶውስ ምትክ ነፃውን ሊኑክስ፣ ለምሳሌ ኡቡንቱ የተባለውን ሥርጭት፣ መጫን።

ሦስተኛው ምርጫ ሲነሳ ክርክር ይጀመራል። አንዱ «ነፃ ነገር ባለቤት የለውም፤ ነገ ቢበላሽ ማንን ትጠይቃለህ?» ይላል። ሌላው «የሁሉም ስለሆነ የሚያስተካክለው አይጠፋም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ከእውነቱ ቁራጭ ይዘዋል። ሶፍትዌሩ ባለቤት አለው፤ ግን ባለቤቱ ሊጠፋ ይችላል። ሲጠፋም የሚያስተካክል ሰው በራሱ አይመጣም፤ እንዲመጣ የሚያደርግ አሠራር ያስፈልጋል። አሳዳጊ ያጡ ፓኬጆችን በቡድን መያዝ የሚባለው ይኸው አሠራር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፓኬጅና ሜንቴይነር

ኦፕን ሶርስ ወይም ክፍት ምንጭ የሚባለው ኮዱን ማንም አይቶ፣ ቀይሮ፣ መልሶ ሊያሰራጨው የሚችል ሶፍትዌር ነው። ኮዱን የጻፉት ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ወደ እኛ አያደርሱትም። መሃል ላይ ሥርጭት አለ። ሥርጭት ማለት በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮግራሞችን ሰብስቦ፣ እርስ በርሳቸው እንዲግባቡ አድርጎ የሚያቀርብ ማኅበረሰብ ወይም ድርጅት ነው። ከነዚህ አንዱ በ1993 ኢያን መርዶክ የጀመረው ደቢያን ነው። ኡቡንቱ የተሠራው ከእሱ ነው። በኦገስት 2025 የወጣው ደቢያን 13 ወደ 70,000 የሚጠጉ ፓኬጆች አሉት።

ፓኬጅ ለመጫን ተዘጋጅቶ የቀረበ ፕሮግራም ነው። ከፕሮግራሙ ሌላ መመሪያም ይይዛል፤ ከየትኞቹ ፓኬጆች ጋር እንደሚሠራ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ እንዴት እንደሚታደስ። ይህን የሚያዘጋጀውና የሚከታተለው ሰው ሜንቴይነር ይባላል። አዲስ ስሪት ሲወጣ ያስገባል፣ ለስህተት ሪፖርት መልስ ይሰጣል፣ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ ይደፍናል። ብዙዎቹ ይህን የሚሠሩት በትርፍ ጊዜያቸው፣ ያለ ክፍያ ነው።

ሁለት ነገሮችን መለየት ይጠቅማል። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ሌላ፣ ለሥርጭቱ የሚያዘጋጀው ሰው ሌላ ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው በርትቶ እየሠራ ደቢያን ውስጥ ያለው ፓኬጅ ግን ተረካቢ ሊያጣ ይችላል። የተገላቢጦሹም ይሆናል፤ ጸሐፊው ከተወው ዓመታት ያለፉትን ፕሮግራም አንድ ትጉህ ሜንቴይነር በሕይወት ያቆየዋል። «ይሄ ሶፍትዌር ሞቷል» ሲባል የትኛው እንደሞተ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ማንም ያልነካው ፓኬጅ ለምን ይበላሻል?

ይህ ለብዙ ሰው ግራ ይገባል። ትናንት የሠራ ኮድ፣ ማንም ሳይነካው፣ ዛሬ ለምን አይሠራም?

ምክንያቱ ዙሪያው ነው። ፓኬጁ ባለበት ቢቆምም የተመሠረተባቸው ነገሮች ይለወጣሉ። ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው ኮምፓይለር ይታደሳል፤ ድሮ ዝም ብሎ ያሳለፈውን አጻጻፍ አሁን ስህተት ነው ብሎ ይመልሳል። ትልቁ ምሳሌ ፓይተን 2 ነው። የዚህ ቋንቋ ድጋፍ በጃንዋሪ 1 ቀን 2020 አበቃ። በእሱ የተጻፉ ፕሮግራሞች ወደ ፓይተን 3 መዞር ነበረባቸው። ሜንቴይነር የነበራቸው በአብዛኛው ተሻገሩ። የሚያዞራቸው ካጡት ግን አብዛኞቹ በ2021 ከወጣው ደቢያን 11 በፊት ከማከማቻው፣ ማለትም ሥርጭቱ ፓኬጆቹን ከሚያቀርብበት ቦታ፣ ወጡ። ኮዳቸው ስለከፋ አይደለም። ቁጭ ብሎ የሚሠራቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

አሳዳጊው ሲሄድ

ሰዎች ሥራ ይቀይራሉ፣ ይወልዳሉ፣ ይታመማሉ፣ ይሰለቻሉ። ደቢያን ለዚህ የተለመደ መንገድ አበጅቷል። ሜንቴይነሩ አስቀድሞ «ተረካቢ እፈልጋለሁ» ብሎ ማስታወቅ ይችላል። ከቶውንም መቀጠል ካልቻለ ፓኬጁ አሳዳጊ ያጣ መሆኑን በይፋ ይመዘግባል። ሳይናገር የጠፋ ሰው ካለም እሱን የሚከታተል የራሱ ቡድን አለ። ጽፎ ይጠይቃል፣ ይጠብቃል፣ መልስ ካጣ ፓኬጆቹን ነፃ ያደርጋል።

ከ2018 ጀምሮ ሌላ መንገድም ተጨምሯል። ሜንቴይነሩ በስም አለ፤ ፓኬጁ ግን እንክብካቤ አጥቷል እንበል። ሌላ ሰው ልረከበው ብሎ በይፋ ያስታውቃል። 21 ቀን ይጠብቃል። ተቃውሞ ካልመጣ ያስተካከለውን ይልካል፤ የላከውም ቢያንስ 7 ቀን ተጨማሪ ይቆያል። ነባሩ ሜንቴይነር በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል ከተናገረ ሂደቱ ይቆማል። በዝግታ መሄዱ ሆን ተብሎ ነው። የሰውን ሥራ ከእጁ ከመንጠቅና ሥራውን ሲበላሽ ቆሞ ከማየት መሃል የተገኘ አካሄድ ነው።

አሳዳጊ ያጣ ፓኬጅ የሜንቴይነር መስመሩ ላይ «ደቢያን ኪውኤ ግሩፕ» የሚል ስም ይገባበታል። የጥራት ቡድኑ ማለት ነው። ማንም ሰው ይህን በራሱ ማሽን ማየት ይችላል። ተርሚናል የሚባለውን፣ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት ከፍቶ «አፕት ሾው» (apt show) ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ የፓኬጁን ስም ይጽፋል፤ ከሚመጡት መስመሮች «ሜንቴይነር» የሚለውን ያነባል። ድሬ ላይ ብዙ ሰው የሚጭነው ኡቡንቱን ስለሆነ አንድ ጥንቃቄ አለ። ኡቡንቱ በዚያ መስመር ላይ የራሱን ገንቢዎች የወል ስም ያስገባል። የደቢያኑ ስም ያለው «ኦሪጅናል-ሜንቴይነር» የሚለው መስመር ላይ ነው። ይህን የማያውቅ ተጠቃሚ ፓኬጁ ሙሉ ቡድን የሚጠብቀው ይመስለዋል። ደቢያን ላይ «ሃው-ካን-አይ-ሄልፕ» (how-can-i-help) የሚባል አነስተኛ ፓኬጅም አለ። እሱ ከተጫነ፣ ማሽኑ ላይ ካሉት ፓኬጆች አሳዳጊ ያጡት የትኞቹ እንደሆኑ ይዘረዝራል። ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም።

ቡድን ሲረከበው

ቡድን ሲባል ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ክርክሩን የሚያደናግረውም ይኸው ነው።

አንደኛው በሥራ ዓይነት የተሰባሰበ ቡድን ነው። የደቢያን ፐርል ቡድን ከ3,000 በላይ ፓኬጆችን በጋራ ይይዛል። ይህ የሚቻለው ፓኬጆቹ ስለሚመሳሰሉ ነው። ሁሉም ፐርል በተባለው አንድ የፕሮግራም ቋንቋ ዙሪያ የተሠሩ ናቸው፤ አዘገጃጀታቸውም ተቀራራቢ ነው። አንዱን ማስተካከል የቻለ ሌላውንም ይችላል። አንድ አባል ቢሄድ የያዛቸው ፓኬጆች ከሥርዓቱ አይወጡም።

የጥራት ቡድኑ ግን ከዚህ ይለያል። እዚያ የተሰበሰቡት ፓኬጆች የሚያመሳስላቸው አሳዳጊ ማጣታቸው ብቻ ነው። አንዱ ጨዋታ፣ አንዱ የአታሚ መሣሪያ፣ ሌላው የድምፅ መቀየሪያ ይሆናል። ማንኛውም የደቢያን ገንቢ ፈቃድ ሳይጠይቅ ሊያስተካክላቸው ይችላል። ሊያስተካክላቸው የሚገደድ ግን የለም። የደቢያን መተዳደሪያ ራሱ ማንም ሰው ለፕሮጀክቱ ሥራ የመሥራት ግዴታ እንደሌለበት በግልጽ ያስቀምጣል። በጎ ፈቃደኛ ላይ ከዚህ ውጪ ሊባል የሚችል ነገርም የለም።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላሉ። የፐርል ቡድን ውስጥ ሎሚውን ማን እንደያዘ ይታወቃል። የጥራት ቡድኑ ጋ ሎሚው መሃል ላይ ተቀምጧል፤ የሚያልፍ ሁሉ ማንሳት ይፈቀድለታል። ሁለቱም «የቡድን ጥገና» ይባላሉ። ለተጠቃሚው ግን ውጤታቸው በጣም ይራራቃል። ስለዚህ አንድ ፓኬጅ በቡድን የተያዘ መሆኑን መስማት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ባለፈው ዓመት ማን ነካው? የስህተት ሪፖርቶቹን ማን መለሰ? መልሱ በለውጥ መዝገቡ ላይ፣ ከነስሙና ከነቀኑ ተጽፎ ይገኛል።

በጎ ፈቃደኛ ሲመጣ ማን እንደሆነ ማወቅ

አሳዳጊ የጠፋበት ቦታ ክፍት በር ነው። በክፍት በር ደግሞ ደግ ብቻ አይገባም።

አርች ሊኑክስ የተባለው ሌላ ሥርጭት ተጠቃሚዎች ራሳቸው ፓኬጅ የሚያስቀምጡበት ማከማቻ አለው። እዚያ አሳዳጊ ያጣን ፓኬጅ የተመዘገበ ሰው ሁሉ በቀላሉ መረከብ ይችላል። በጁላይ 2018 አንድ ሰው ለፒዲኤፍ ማንበቢያ የሚሆን እንዲህ ያለ ፓኬጅ ተረከበና ከሌላ ቦታ ስክሪፕት አውርዶ የሚያስኬድ መስመር አስገባበት። ቶሎ ተደረሰበት፤ ተወገደም። በዚያው ዓመት ኢቨንት-ስትሪም የተባለው የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ ላይ ሌላ ነገር ደረሰ። ጸሐፊው ሥራው ስለሰለቸው፣ ልርዳህ ብሎ ለመጣ የማያውቀው ሰው አስረከበው። ተረካቢው የቢትኮይን ቦርሳ ለመስረቅ የተዘጋጀ ኮድ ሰገሰገበት።

ከሁሉም የከበደው ግን በ2024 የታየው የኤክስዜድ ጉዳይ ነው። ኤክስዜድ ፋይል የሚጨምቅ መሣሪያ ነው፤ ሊኑክስ የሚሠራበት ማሽን ሁሉ ላይ አለ ማለት ይቻላል። ለብዙ ዓመታት የያዘው አንድ ሰው ነበር። በ2021 ጂያ ታን በሚል ስም አንድ አስተዋፅኦ አድራጊ ብቅ አለ። ጠቃሚ ማስተካከያዎችን በትዕግሥት ላከ። ሌሎች ማንነታቸው ያልታወቀ ስሞች ደግሞ ነባሩን ሰው ሥራው ዘገየ፣ ሌላ ሜንቴይነር ጨምር እያሉ ወተወቱት። የደከመ ሰው ነበርና ጨመረ። ከሁለት ዓመት በላይ በተገነባ እምነት ላይ፣ ስሪት 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ስውር በር፣ ማለትም አጥቂ ሳይታይ ወደ ማሽን የሚገባበት ኮድ፣ ገባ። ከፊሉ ለሙከራ በተቀመጡ ፋይሎች ውስጥ ተደብቆ ነበር። እሱን የሚያነቃው ክፍል ደግሞ ለማውረድ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ እንጂ ሁሉም በሚያየው የኮድ ማከማቻ ላይ አልነበረም።

የተገኘው በአጋጣሚ ነው ማለት ይቻላል። የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ ወደ ማሽኑ በርቀት ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አላምር አለው። ምክንያቱን ሲከታተል እዚያ ደረሰ። በማርች 29 ቀን 2024 ይፋ አደረገው። የተበከሉት ስሪቶች ደቢያን ውስጥ ገብተው የነበሩት ለሙከራ ወደሚያገለግሉት ክፍሎች ነበር፤ ብዙው ሰው የሚጠቀምበት የተረጋጋው ስሪት ተርፏል።

ከዚህ ብዙ ሰው የወሰደው ትምህርት «አንድ ሰው ብቻውን መያዝ አደጋ ነው» የሚል ነው። ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ጥቃቱ የገባው በዚሁ ሐሳብ በር ነው። አጥቂዎቹ «ሰው ጨምር» ነበር የሚሉት። ሰው መጨመር ጥበቃ የሚሆነው የተጨመረው ሰው የሚሠራውን ሌላ ሰው ከተመለከተው ነው። ሁለት ስም ተጽፎ አንዱ ደክሞ ሌላው ብቻውን ሲልክ ከነበረ፣ ያ ቡድን በወረቀት ብቻ ያለ ነው።

ባለቤት፣ ቡድን ወይስ ማሰናበት?

ሦስት ሐሳቦች አሉ።

ለአንድ ባለቤት የሚከራከሩት ጥልቅ እውቀትን ያነሳሉ። ፓኬጁን አሥር ዓመት የያዘ ሰው የትኛው ማስተካከያ ሌላ ቦታ እንደሚሰብር ያውቃል። ተጠያቂነቱም ግልጽ ነው። የቡድን ደጋፊዎች ያ ሰው አንድ ቀን ባይነሳስ ይላሉ። ደቢያን ውስጥ አዝማሚያው ወደነሱ እያጋደለ ነው። የጋራ የኮድ ማከማቻ የሆነው ሳልሳ ላይ ማንኛውም የደቢያን ገንቢ የሚገባበት የወል ክፍል አለ። ፓኬጁን እዚያ ያስቀመጠ ሰው ሌሎች እንዲያግዙት አስቀድሞ ፈቅዷል ማለት ነው።

ሦስተኛው ሐሳብ ጨከን ያለ ነው፤ ተረካቢ ያጣ ይውጣ ይላል። ፌዶራ የተባለው ሥርጭት ወደዚህ ያዘነብላል። አሳዳጊ ያጣ ፓኬጅ በ6 ሳምንት ውስጥ የሚረከበው ካላገኘ ይሰናበታል። በእሱ ላይ ለተመሠረቱ ፓኬጆች ሜንቴይነሮችም አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይደርሳቸዋል። ደቢያን እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ቀን የለውም። ከባድ ችግር እስካልተገኘበት ድረስ ፓኬጁ በጥራት ቡድኑ ስም ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

የፌዶራ መንገድ ሐቀኛ ነው። ተጠቃሚው ማከማቻው ውስጥ ያገኘውን ሁሉ አንድ ሰው እንደሚጠብቀው ያውቃል። ቀነ ገደቡም ሰዎችን ከእንቅልፋቸው ይቀሰቅሳል። የደቢያን ትዕግሥት ደግሞ ጥቂት ሰው የሚጠቀምባቸውን፣ ግን ለነዚያ ጥቂቶች ምትክ የሌላቸውን ፓኬጆች ያቆያል። እኛ ብዙ ጊዜ ከጥቂቶቹ ስለሆንን ወደ ደቢያን አደላለሁ። ነገር ግን ትዕግሥቱ ከነስሙ መታየት አለበት። አሳዳጊ የሌለው ፓኬጅ ሲጫን ማሽኑ ራሱ ለተጠቃሚው ቢነግረው ጥሩ ነበር፤ ዛሬ የሚያውቀው የፈለገና የት እንደሚያይ የተነገረው ብቻ ነው።

አማርኛው የት ላይ ቆመ?

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ መለያ ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በኋላ ፊደሉን በነፃ ሶፍትዌር ላይ የሚያሳዩ፣ የሚያስጽፉና የሚያርሙ ፓኬጆች ተሠሩ። ኤስአይኤል የተባለው ድርጅት የሠራው «አቢሲኒካ» ፎንት ደቢያን ውስጥ በፎንት ቡድኑ ተይዟል። በሥራ ዓይነት የተሰባሰበ ቡድን ስለሆነ አንድ ሰው ቢሄድም አማርኛችን ወደ ባዶ ሳጥን አይቀየርም። የፊደል ግድፈት ማረሚያው ላይ ነገሩ ሌላ ነው። አስፔል ለተባለው ማረሚያ የተዘጋጀው የአማርኛ መዝገበ ቃላት የስሪት ቁጥሩ 0.03 ነው። ቁጥሩ ብቻ ጅምር መሆኑን ይናገራል።

እዚህ ላይ ስለ ቅደም ተከተል አንድ ነገር መባል አለበት። ሥራ በዝቶ ሰው ሲያንስ የቱ ይቅደም የሚለው የሚወሰነው አንድም በተጠቃሚ ብዛት ነው። ደቢያን ብዛቱን የሚገምትበት መሣሪያ ተጠቃሚው ፈቅዶ ሲያበራው፣ ምን ምን እንደተጫነ በየሳምንቱ በኢንተርኔት የሚልክ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ በፍላሽ ተጭኖ፣ ኢንተርኔት አልፎ አልፎ ብቻ የሚያገኝ ማሽን ከዚህ ቆጠራ ውጪ ነው። የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የሶማልኛ ፓኬጆች ተጠቃሚ የላቸውም የሚመስለው ከፊሉ በዚህ ምክንያት ነው። ከተማዋ ሦስቱንም በአንድ መንገድ ላይ ትናገራለች። ቆጠራው ግን አይሰማትም። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ፓኬጅ አሳዳጊ ሲያጣ የሚቆረቆርለት ይቀንሳል፤ ሲወጣም የሚጮኽለት የለም።

ሌላው ማነቆ ማሻሻያው አለመድረሱ ነው። በዴታ ዋጋ ምክንያት ማሻሻያውን ያጠፋ ሰው ብዙ ነው። ቡድኑ ቀዳዳውን ቢደፍንም የተደፈነው እሱ ጋ አልደረሰም። ለትምህርት ቤት፣ ለኢንተርኔት ካፌና ለቢሮ መፍትሔው ከባድ አይደለም። አንድ ማሽን ማሻሻያውን አንድ ጊዜ አውርዶ ለሌሎቹ በውስጥ ኔትወርክ ያካፍላል። ይህን የሚያደርጉ ፓኬጆች በነፃ አሉ።

ከድሬዳዋ ሆኖ መረከብ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም የኮምፒውተር ቤት ባለሙያ አሳዳጊ ያጣ ፓኬጅ ሊረከብ ይችላል። የደቢያን አባል መሆን አያስፈልገውም። ፓኬጁን አስተካክሎ ያዘጋጃል፤ ስፖንሰር የሚባል ነባር ገንቢ መርምሮ በራሱ ፊርማ ይልክለታል። ስፖንሰሩ ያልጣመውን ይመልሳል፣ ምክንያቱንም ይጽፋል። ኮድ መጻፍ እንጂ የሰው ኮድ መንከባከብ በክፍል ውስጥ እምብዛም አይሰጥም፤ እዚህ ግን በነፃ ይገኛል።

ሙሉ አባል ለመሆን ሲፈለግ መንገዱ ይጠብባል። አመልካቹ ማንነቱን የሚያረጋግጥ ዲጂታል ቁልፍ ይኖረዋል። ቁልፉን ነባር አባላት መፈረም አለባቸው፤ የተለመደው ደግሞ በአካል ተገናኝቶ መታወቂያ በማየት ነው። ለበርሊን ነዋሪ ይህ የአንድ ምሽት ጉዳይ ነው። ለእኛ ግን አባላቱን በአካል የምናገኝበት ዕድል ጠባብ ነው፤ የደቢያን ዓመታዊ ጉባኤ አፍሪካ ላይ የተካሄደው በ2016 ኬፕታውን ነበር። ከኤክስዜድ በኋላ ይህን ማረጋገጫ ይላላ ማለት አይቻልም። ይልቅ ጉባኤው ወደዚህ አህጉር ደጋግሞ እንዲመጣ መጠየቅ ይቻላል፤ መጠየቅም አለበት።

የአውሮፓ ኅብረት የሳይበር ደህንነት ሕግም ነገሩን ያፈጥነዋል። ዲጂታል ምርት የሚሸጡ አምራቾች ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2026 ጀምሮ ጥቃት እየደረሰባቸው ያሉ ቀዳዳዎችን ማሳወቅ ይኖርባቸዋል። ሙሉ ግዴታው ከዲሴምበር 11 ቀን 2027 ይጀምራል። ምርታቸው ውስጥ ያስገቡትን ክፍት ምንጭ ማን እንደሚጠብቀው ማጣራት የነሱ ሥራ ይሆናል። በነፃ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች በዚህ ግዴታ ውስጥ አይገቡም። ኩባንያዎች የሚፈልጓቸው ፓኬጆች ስለዚህ ገንዘብና ሰው ያገኙ ይሆናል። የአማርኛ መዝገበ ቃላት ግን ከነዚያ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ጠባብ ነው። እሱን የሚረከበው የሚጠቀምበት ሰው ነው።

ጊዜውም የተወሰነ ነው። ደቢያን አዲስ ስሪት የሚያወጣው በየሁለት ዓመቱ ገደማ ነው፤ ቀጣዩ በ2027 ይጠበቃል። ከመውጣቱ ወራት በፊት ማከማቻው ለአዲስ ለውጥ ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ከባድ ስህተት የተመዘገበበትና የሚያስተካክለው ያጣ ፓኬጅ በራሱ ሥርዓት ከዝርዝሩ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ የተረጋጋውን ስሪት የሚጭን ሰው ሊያገኘው የሚችለው ከሌላ ሁለት ዓመት በኋላ ነው።